ያሉና የሌሉ ቤቶች

መሐንዲሱ በጀርባው ተንጋሎ ነው የተገኘው። ከፋብሪካው ማቅለሚያ ቤት ኋላ ባለው የድንጋይ ንጣፍ ግቢ ውስጥ፣ ልክ ከላይኛው ፎቅ የዕቃ መሳቢያ በር ሥር። ፋብሪካው ሥራ ላይ በነበረበት ዘመን በዚያ በር የክር ጥቅል በገመድ እየተሳበ ይገባ ነበር። ደረጃ የለው፣ ሰገነት የለው፤ አንድ እርምጃ ወደ ውጭ የተራመደ ሰው የሚረግጠው አየር ነው። ለዚህም ሲባል አንድ ወፍራም እንጨት አግድም እንደተሸጎጠበት ይኖራል።

ዛሬ ግን እንጨቱ ተነስቶ ፎቁ ላይ ግድግዳ ተደግፎ ነበር።

መርማሪዋ ከሬሳው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ዙሪያውን ታያለች። አጭርና ቀጭን ሴት ናት። በጣቢያው «መርፌ» ይሏታል፣ በፊቷ ሳይሆን ከኋላዋ። ስሙን ያወጣላት በሹመት የቀደመችው ባልደረባዋ ነው፤ ሊያናድዳት ፈልጎ ነበር፣ እሷ ግን ወደደችው።

«ማን ነው ያገኘው?»

«እኔ ነኝ» አለ ዘበኛው፣ ኮፍያውን በሁለት እጁ እያሻሸ። «ውሻዬ አልላወስ ሲል ነው የመጣሁት። ጠዋት ሲገባ እንኳ አላየሁትም። የራሱ ቁልፍ አለው። እኔ ቀለም ቀቢዎቹን ይዤ በቢሮው በኩል ነበርኩ።»

«የምን ቀለም ቀቢዎች?»

«ከማዘጋጃ ቤት የተላኩ። የሚፈርሰው ቤት ላይ ቀይ ምልክት ያደርጋሉ። ዛሬ ጠዋት የቢሮውን በር ቀቡ። ነገ ደግሞ ይሄን ይቀባሉ።»

«ሟቹስ እዚህ ምን ሊሠራ መጣ?»

«ሊለካ ነዋ። ሌላ ሥራ መች ነበረው? ጡረታ ከወጣ ወዲህ ይሄን መንደር ሲለካ ነው የኖረው። የቆመውንም የፈረሰውንም።» ከንፈሩን መጠጠ። «ምስኪን። ንፋስ ልቀበል ብሎ ወደ በሩ ጠጋ ሲል አዙሮት ይሆናል።»

መርማሪዋ ሬሳውን ደግማ አየችው። ወደ ውጭ ሲያይ ያዞረው ሰው በፊቱ ነው የሚደፋው። ይሄኛው ጀርባውን ለበሩ፣ ፊቱን ለቤቱ ውስጥ ሰጥቶ ነው የወደቀው። ቤት ውስጥ የሚያየው ነገር ነበር ማለት ነው።

ወደ ፎቁ ወጣች። ባዶ አዳራሽ ነው፣ ረጅም፤ ወለሉ ላይ የድሮው ሰማያዊ የማቅለሚያ ዱቄት እንደ አቧራ ተኝቷል። የጫማ ዱካው ብዛት ለምርመራ አይመችም፤ የመሐንዲሱ ጓደኞች ሳምንቱን ሙሉ ሲመላለሱበት ከርመዋል። ከዱካዎቹ ሁሉ በላይ ግን አንድ ቀጭን መስመር አየች። ከወዲያኛው ግድግዳ ተነስቶ እስከ መሳቢያው በር ድረስ ይሄዳል፤ ገመድ የተጎተተበት ይመስላል። ደረጃው አጠገብ የመሐንዲሱ የቆዳ ቦርሳ ተቀምጧል፣ ዘለበቱ ተቆልፎ። ከፈተችው። ውስጡ የመለኪያው ሜትር ነበር፣ እስከ ጫፉ ተጠቅልሎ። ክንድ ያህል ስባ አወጣችና ጣቶቿን ተመለከተች። ሰማያዊ ሆነዋል።

ይሄኔ ስልኳ ጮኸ። የጣቢያው አዛዥ ነበር።

«ሚስቲቱን ይዘሻት ነይ» አለ፣ ሰላምታ እንኳ ሳያስቀድም። «መንደሩ በሙሉ እሷ ናት ይላል። ትናንት ሰው ፊት ‹ይሄ ሥራ ካልገደለህ እኔ እገድልሃለሁ› ብላዋለች።»

«ይህን ያላለች ሚስት አለች፣ ጌታዬ?»

«የእኔ ሚስት ብላኝ አታውቅም።»

«ሰው ፊት አላለችዎትም ይሆናል።»

አዛዡ መቀለዷ ነው ወይስ ማክበሯ፣ ከተዋወቁ ጀምሮ ለይቶለት አያውቅም። «እስከ ምሽት ጊዜ ሰጥቼሻለሁ» አለ። «ከዚያ በኋላ ራሴ መጥቼ እወስዳታለሁ።»

የአዛዡ ችኮላ ያለ ምክንያት አይደለም። የመንደሩ ሰው አንዲትን ሴት ቀናተኛ ብሎ ከፈረጀ በኋላ ሌላ ማስረጃ አይጠይቅም፤ ፖሊስም ሰው ነውና የሰማውን ያምናል።

የመሐንዲሱ ቤት ከሠራተኞች መኖሪያ ረድፍ መጨረሻ ላይ ነው። ሳሎኑ በጎረቤት ሴቶች ተሞልቷል። ሊያጽናኑ መጥተዋል፤ ግን ዐይናቸው ሁሉ ሚስትየዋ ፊት ላይ ነው፣ አለቀሰች አላለቀሰች እያለ። መርማሪዋ በትሕትና አስወጣቻቸውና በሩን ዘጋች።

«ቀናተኛ ናት ብለው ነግረውሻል፣ አይደል ልጄ?» አለች ሚስትየዋ ገና ሳትጠየቅ።

«ነግረውኛል፣ እትዬ።»

«ልክ ናቸው። አልክድሽም። ያቺ አብራው የምትሠራ ሠዓሊ ከመጣች ወዲህ አንጀቴ ቅጥል እያለ ነው የኖርኩት። ድሮ ሜትሩን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። እሱ ከማዶ መያዣውን ይዞ ያነብባል፣ እኔ ከወዲህ ጫፉን ግድግዳ ላይ አስጠግቼ እቆማለሁ። ሥራ ነው ብለሽ ልትስቂ ትችያለሽ። ትዳራችን ግን እሱ ነበር። ቀን ቀን መሐላችን ላይ አንድ ሜትር ተወጥሮ ይውላል።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ልጅቷ መጣች። እኔ ክንዴ ይዝላል፣ ወገቤን ይይዘኛል። እሷ ምሰሶ ናት። አንድ ቀን ‹አንቺ ዕረፊ› አለኝ። ባል ሚስቱን ዕረፊ ሲላት ምን ማለት እንደሆነ ባል ያላት ታውቀዋለች።»

«ሥዕሏንም ቀደዱባት አሉ።»

«አንዱን ብቻ» አለች ሚስትየዋ ቀና ብላ። «ያውም ጥሩ ያልሆነውን።»

መርማሪዋ ፈገግታዋን ዋጥ አደረገችው። «ዛሬ ጠዋት ምን ሆነ?»

«ቁርሱን ሳይጨርስ ተነሳ። ቦርሳውን አንገቱ ላይ አጠለቀ፣ የልኬት ዘንጉን ትከሻው ላይ አጋድሞ ወጣ።»

«ደጅ ድረስ ሸኙት?»

«በመስኮት ነው የሸኘሁት።» ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ወደ ልጅቷ ቤት ይታጠፍ እንደሆነ ልይ ብዬ። ወደ ማቅለሚያው ቤት ሲታጠፍ ጊዜ እፎይ ብዬ ተቀመጥኩ። አየሽ ልጄ፣ ባሌ ወደ ሞቱ ሲሄድ እኔ እፎይ እያልኩ ነበር።»

«ከዚያ በኋላ ከቤት ወጥተዋል?»

«አልወጣሁም። ያየኝ ሰው ግን የለም። ለመታየት የሚቀመጥ ሰው ደግሞ አላውቅም።»

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሜትሩን ወደ ቦርሳው ሲመልስ እንዴት ነው የሚመልሰው?»

ሚስትየዋ ጥያቄው ግራ አጋባት። «እየወለወለ ነዋ የሚጠቀልለው። ዝናብ ቢወርድ፣ ቤት ቢቃጠል ሳይወለውል አያስገባም። የቤቴን ጨርቅ ሁሉ የጨረሰው በዚህ ነው። እኔንም ልጅቷንም መጀመሪያ ያስተማረን እሱን ነው።»

የመንደሩን ቤቶች መጽሐፍ የማዘጋጀቱ ሥራ የሚሠራበት ቤት የድሮው የፋብሪካ ሠራተኞች ክበብ ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ ግድግዳዎቹ ይናገራሉ። በግራው ላይ «ያሉ» ተብሎ ተጽፏል፤ ሥሩ ዛሬም የቆሙት ቤቶች ፎቶግራፍ ተደርድሯል፦ ቢሮው፣ ማቅለሚያው ቤት፣ መጋዘኑ፣ የሠራተኞች ረድፍ። በቀኙ ላይ ደግሞ «የሌሉ» ይላል። እዚያ ያለው በእርሳስ የተሳለ ነው፦ የፈረሰው ጭስ ማውጫ፣ የፈረሰው ትምህርት ቤት፣ የፈረሰው የሴቶች መታጠቢያ ቤት በር ላይ ፎጣ ከተሸከሙ ሴቶች ጋር። የእንግዶች ወንበሮች በሙሉ ፊታቸውን ወደ ቀኝ አዙረዋል። መርማሪዋ ይህን አየችና በልቧ ጻፈችው።

ፎቶዎቹንም አንድ በአንድ አየቻቸው። በእያንዳንዱ ቤት ጥግ ቀይና ነጭ የተቀባች አንዲት ዘንግ ቆማለች።

«ዘንጓ ለምንድን ነው?» አለች።

ሠዓሊዋ ከጠረጴዛዋ ቀና አለች። ዐይኗ ከለቅሶ ብዛት አብጧል። «የቤቱ ቁመት እንዲታወቅ። ዘንግ የሌለበት ፎቶ እዚህ ግድግዳ ላይ አይወጣም፤ የኢንጂነሩ ሕግ ነው። ጋሽ ብልጭታ አሁን አሁንማ የልጅ ልጃቸውን ፎቶ ሲያነሱ እንኳ ዘንግ ይፈልጋሉ ብለን እንስቅባቸዋለን።» ጋሽ ብልጭታ የምትለው የመንደሩን ፎቶ አንሺ፣ የመሐንዲሱን የልጅነት ጓደኛ ነው።

«ዘንጉ ስንት ነው?»

«አንድ። እሱ ብቻ።» ወረቀቷን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ፣ «ሳይጠይቁኝ ልንገርዎት» አለች። «በእኔና በኢንጂነሩ መካከል የነበረው ሥራ ብቻ ነው። እትዬ አያምኑኝም። እኔ ግን የሰው ባል አይደለም ያስቀናኝ።»

«ምን ነው ታዲያ ያስቀናሽ?»

«እሳቸውና ጋሽ ብልጭታ ስለፈረሱት ቤቶች ሲያወሩ። የመታጠቢያ ቤቱን እንፋሎት ያውቁታል፣ የትምህርት ቤቱን ደወል ያውቁታል። እኔ በወሬ ነው የምስለው። ሰው ሁሉ ሥዕልሽ ያምራል ሲለኝ፣ እኔ እነሱን ነበር የምቀናባቸው። እነሱ ኖረውበታል።»

«ጋሽ ብልጭታስ? ሥዕልሽን ይወዱታል?»

ሠዓሊዋ እርሳሷን በጣቷ አሽከረከረች። «ድሮ ይወዱት ነበር። የመጽሐፉ ሽፋን ላይ የመታጠቢያ ቤቱ ሥዕል ይውጣ ተብሎ ከተወሰነ ወዲህ ግን ወደ ቀኙ ግድግዳ ዞረው አያዩም።»

«ዛሬ ጠዋት የት ነበርሽ?»

«የድሮዋ የመታጠቢያ ቤት ጠባቂ ጋ። አልጋ ላይ ናቸው፤ ዛሬ ደህና ናቸው፣ ያወራሉ ሲሉኝ ሮጬ ሄድኩ። እኔን አይተው ትንሽ እንዳወሩ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ስለዚህ ምስክሬ ተኝተዋል ማለት ነው።» ሳቅ ሊመጣባት ሲል እንባ ቀደመው። «መንገድ ላይ ኢንጂነሩን ማቅለሚያው ቤት በር ላይ አገኘኋቸው። ዘንጉን ይዘው እየገቡ ነበር። ነገ ሳይቀቡት ፎቁን እንለካው፣ ነይ ጫፉን ያዢልኝ አሉኝ። አሮጊቷ ከሚተኙብኝ ቤቱ ይጠብቅ አልኳቸው። ‹ግድ የለም፣ የሚይዝልኝ ሰው አላጣም› ብለው ገቡ።»

«ማን እንደሆነ አልነገሩሽም?»

«አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኩም።»

መርማሪዋ ቃሉን በልቧ ደገመችው። የሚይዝለት ሰው። ሜትሩን ለዓመታት ትይዝለት የነበረችው ደግሞ ሚስቱ ናት። አዛዡ ይህን ቢሰማ ምሽቱን አይጠብቅም።

የፎቶ አንሺው ቤት ከፋብሪካው ዋና በር ፊት ለፊት ነው። በሩን ሲከፍት የፊልም ማጠቢያ ሽታ ቀድሞት ወጣ። ሽበቱ የተበጠረ፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ሽማግሌ ነው፤ ሐዘኑም እንደ ሸሚዙ በሥርዓት ተይዟል።

«ግቢ ልጄ። ዐይኔ እያየ ቀኝ እጄ ተቆረጠ» አለ። «አብረን ነው ያደግነው። አብረን ነው ፋብሪካው የገባነው። ይሄን ሥራ ስንጀምር እኔና እሱ ብቻ ነበርን።»

«መጨረሻ ያዩት መቼ ነው፣ ጋሼ?»

«ትናንት ከሰዓት፣ ክበቡ ውስጥ። ዛሬ ዐይን ለዐይንም አልተያየን።»

«ጠዋት ላይ እርስዎ የት ነበሩ?»

«ቢሮው ፊት ለፊት። ሊያፈርሱት ነው፤ ቀይ ምልክቱ ሳይደርቅ ላንሳው ብዬ ሄድኩ። ዘበኛውን ጠይቂው፣ አይቶኛል። ካልሽም ይኸው።» ገመድ ላይ በመቆንጠጫ የተሰቀለ ፎቶ አሳያት። ገና አልደረቀም። «ምልክቱን የቀቡት ዛሬ ጠዋት ነው። ቀለሙ ሲወርድ ይታያል። ይሄን ትናንት ላነሳው አልችልም።»

ፎቶው ጥሩ ነው። የቢሮው በር፣ ቀለሙ እየተንጠባጠበ ያለ ቀይ ምልክት፣ በስተግራ ዘንጉ፣ በስተቀኝ የዘበኛው ውሻ።

«ያምራል» አለች መርማሪዋ። «ዘበኛው መቼ ነው ያየዎት?»

«ቀለም ቀቢዎቹ ከሄዱ በኋላ።»

«ከዚያ መጥተው ወዲያው አጠቡት?»

«ምን ላድርግ? እጄ ሥራ ፈልጎ ነው» አለ። «ሰው ሲያዝን አንዱ ያለቅሳል፣ አንዱ ይሠራል። ይልቅ ሚስቱን ጠይቂ። እዚህ ተቀምጠሽ ጊዜሽን አታቃጥይ። ቅናት ሰው እንደሚያሳብድ አንቺም ሳታውቂው አትቀሪም።»

«አውቃለሁ» አለች መርማሪዋ። «ፎቶውን ልውሰደው?»

«ውሰጂው፣ ላንቺ ይሁን።»

ወደ ክበቡ ተመለሰች። ሠዓሊዋ ወጥታ ነበርና ቤቱ ጭር ብሏል። መርማሪዋ በሩን ከውስጥ ስትዘጋ የምትፈልገውን ነገር ከኋላው ተደግፎ አገኘችው። የልኬት ዘንጉ ነበር። አነሳችውና እግሩን ወደ ብርሃን አዞረች። የብረቱ ጫፍ ዙሪያውን ሰማያዊ ነው። ዘንጉን እንደነበረ መለሰችና አንድ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ፊቷን ወደ ግራው ግድግዳ፣ ወደ «ያሉ» አዙራ።

ማታ ከመሆኑ በፊት ሁሉንም እዚያው አስጠራቻቸው። ሚስትየዋ በሩ አጠገብ ተቀመጠች፣ ሠዓሊዋ ከእሷ ራቅ ብላ ጥግ ያዘች፣ ፎቶ አንሺው መሐል ላይ እግሩን አነባበረ። ዘበኛው ቆመ። አዛዡም እንዳለው መጥቷል፤ ካቴናም ይዟል።

«እንጀምር» አለ አዛዡ። «አጭር ይሁን።»

«አጭር ነው» አለች መርማሪዋ። «ሟቹ ወደ ኋላው ነው የወደቀው። ፊቱ ወደ አዳራሹ ውስጥ ነበር። ጀርባውን ለገደል ሰጥቶ የሚቆም ሰው ወይ ሰክሯል፣ ወይ ሥራ ላይ ነው። እሱ ሥራ ላይ ነበር። ፎቁን በርዝመቱ እየለካ ነበር።»

«ብቻውን ቢሆንስ?» አለ ፎቶ አንሺው።

«ብቻውን እንዴት ይለካል? ያንን የሚያህል አዳራሽ ለመለካት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ጫፉን ይዞ ከግድግዳው ጋር ይቆማል፣ አንዱ ከዚያኛው ጫፍ ሆኖ እየወጠረ ያነብባል። ሜትሩ ደግሞ ረጅም ስለሆነ ይረግባል፤ የሚያነብበው ሰው ክብደቱን ሁሉ ወደ ኋላ ጥሎ ነው የሚወጥረው። ልክ ነው እትዬ?»

«ልክ ነው» አለች ሚስትየዋ።

«ወለሉ ላይ ከግድግዳው እስከ በሩ የተጎተተ ነገር መስመር ሠርቷል። የሜትሩ ጫፍ ነው። ከወዲህ የያዘው ሰው ለቀቀው፤ እዚያ ማዶ ወደ ኋላ ተዘርግቶ የቆመው ሰው ሚዛኑን ሳተና ሄደ፣ ሜትሩም ተከትሎት። እኛ ስንደርስ ግን ሜትሩ ተጠቅልሎ ፎቅ ላይ ቦርሳ ውስጥ ነበር። የሞተ ሰው ሜትር አይጠቀልልም።»

ዘበኛው አፉን በእጁ ያዘ። አዛዡ ወደ ሚስትየዋ ዞሮ ካቴናውን ነካ አደረገ። እሷም አየችው፤ እጆቿን ቀሚሷ ላይ አመቻችታ አስቀመጠች፣ የሚመጣውን እንደተቀበለ ሰው።

«ገና ነው ጌታዬ» አለች መርማሪዋ። «ሜትሩ ሰማያዊ ዱቄቱን እንደያዘ ነው የተጠቀለለው። እትዬም ሠዓሊዋም መጀመሪያ የተማሩት ሜትር መወልወል ነው። ይሄን የጠቀለለው ግን ተምሮ የማያውቅ ሰው ነው።»

«ደንግጣ ይሆናላ» አለ ፎቶ አንሺው። «የደነገጠ ሰው ይወለውላል?»

«እውነትዎን ነው። እሱ ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ ወደ ዘንጉ እንምጣ።» ከበሩ ኋላ ዘንጉን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው። «ዘንጉ አንድ ነው። ዛሬ ጠዋት ሟቹ ትከሻው ላይ አድርጎት ከቤት ሲወጣ እትዬ በመስኮት አዩት። ይዞት ማቅለሚያው ቤት ሲገባ ደግሞ ሠዓሊዋ በር ላይ አየችው። እነዚህ ሁለት ሴቶች ስለ ሰማይ ቀለም እንኳ አይስማሙም። የተስማሙበት ነገር ይሄ አንዱ ብቻ ነው፤ ያውም ሳይመካከሩ። ስለዚህ አመንኳቸው። የዘንጉንም እግር እዩት፣ ሰማያዊ ነው።»

መርማሪዋ ከኪሷ ፎቶውን አወጣችና ከዘንጉ አጠገብ አስቀመጠችው።

«ይሄ ፎቶ ዛሬ ጠዋት የተነሳ ነው። ቀለሙ አልደረቀም፤ ባለቤቱም ራሳቸው ነግረውኛል። ትናንት ሊነሳ አይችልም ብለው አጥብቀው ነው የነገሩኝ። በስተግራ በኩል የቆመችው ምንድን ናት?»

ዘበኛው አንገቱን አስግጎ አየ። «ዘንጓ» አለ።

«ዘንጓ። ከሟቹ ጋር ማቅለሚያው ቤት ገብታ የነበረችው። ሟቹ ወድቆ ከሞተ በኋላ አንድ ሰው ሜትሩን ከግቢው አንስቶ ጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ከተተ፣ ዘንጉን ይዞ ወጣ፣ ቢሮው ፊት አቁሞ ፎቶ አነሳ፣ ለዘበኛው ታየ፣ መልሶ እዚህ በር ኋላ አስቀመጠው። ዘንጉን ባይወስደው ኖሮ እኔ ምንም አልነበረኝም። ፎቶው ብቻውን ያድነው ነበር። ግን እጁ እምቢ አለው። ዘንግ የሌለበት ፎቶ ማንሳት አይችልም።» ወደ ፎቶ አንሺው ዞረች። «ጋሼ፣ ዛሬ ዐይን ለዐይን አልተያየንም ብለውኛል። ታዲያ ዘንጉን ከማን እጅ ተቀበሉት?»

ፎቶ አንሺው ዘንጉን አየ፣ ፎቶውን አየ። ያ የተተኮሰ ሐዘን ከፊቱ ላይ ወረደ፣ ከሥሩ የወጣው ሐዘን ግን እውነተኛ ነበር። ለዚህ ታሪክ ጸሐፊም የሚከብደው ይኼ ነው። ሰውየው ጓደኛውን ይወደው ነበር።

«እንጨቱን ያነሳሁት እኔ ነኝ» አለ፣ ጠረጴዛውን እያየ። «የበሩንም ስፋት እንለካዋለን ብሎ አንሳ አለኝ፣ አነሳሁ። ካሜራዬን ትቼ ጫፉን ያዝ አለኝ፣ ያዝኩ። ደስ ብሎኝ ነበር። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ልጅቷ ሳትኖር እኔን ስለጠራኝ እንደ ልጅ ነበር ደስ ያለኝ። ስንት ዘመን ያነሳሁትን ትቶ የእሷን ሥዕል ሽፋን ላይ ሲያወጣ ዝም ብያለሁ። ሰው ሁሉ ወንበሩን ወደዚያ ሲያዞር ዝም ብያለሁ። የቆመውን ቤት ማን ያየዋል? ቆሟላ። ዛሬ ግን ጠራኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ‹ረገበ› አለኝ። ወጠርኩ። ‹አሁንም ረገበ› አለኝ። በሁለት እጄ ያዝኩ። እሱ ከዚያ ማዶ ራሱን ነቀነቀና ‹እሷ ብትሆን አታረግበውም ነበር› አለ።» አንገቱን ደፋ። «ለቀቅኩት።»

«ከኋላው ምን እንዳለ ያውቁ ነበር።»

«እንጨቱን ያነሳሁት እኔ ነኝ አልኩሽ እኮ» አለ።

ሠዓሊዋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። አዛዡ ካቴናውን ይዞ ከሚስትየዋ አጠገብ ተነሳና ወደ መሐል መጣ፤ ዛሬ ጠዋት የተናገረውን ማንም እንዳያስታውስበት ፊቱን አኮሳትሮ ነበር። ፎቶ አንሺው ሁለት እጆቹን ሰጠው።

ይሄኔ ነው ሚስትየዋ የተናገረችው።

«እኔንም ብሎኛል» አለች።

ሁሉም ዞሩ።

«ይህንኑ ቃል። እሷ ብትሆን አታረግበውም ነበር አለኝ፣ ዕረፊ ከማለቱ በፊት መጋዘኑን ስንለካ። ዐይኔ ጨለመብኝ። እኔም ለቀቅኩበት።» ፎቶ አንሺውን ትኩር ብላ አየችው፤ በጥላቻ አልነበረም። «ተንገዳግዶ ግድግዳው ያዘው። ስቆ አለፈው። እኔም ቤቴ ገብቼ፣ ንጹሑንም ቆሻሻውንም ድስት ስፈትግ ዋልኩ። ከእሱ ኋላ ግድግዳ መኖሩን ግን አይቼ አልነበረም የለቀቅኩት።»

መርማሪዋ ፎቶ አንሺውን በክንዱ ያዘችና ይዛው ወጣች።